ትንፋሽ ያጠረው ሞተር፤ ከጣርማ በር እስከ ሬድስቶን

ስደት የማያስተምረው ሙያ የለም። አገር ቤት ብዕር ይዞ ሚኒስትር ሲያፋጥጥ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ ተሳቢ ይጎትታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከነዚሁ አንዱ ነው። የጋዜጠኝነት መታወቂያዬ በመሳቢያ ውስጥ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ በግድግዳ ላይ፣ እኔ ደግሞ በአሮጌ ፒክአፕ መሪ ላይ ነን። ሦስታችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የምኖረው በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ ሬድስቶን በሚባለው አዲስ ሰፈር ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርባችን ነው፤ አውራ ጎዳናውም እንደዚያው። ስለዚህ ሰፈራችን የሾፌር ሰፈር ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ታክሲ የሚነዳ፣ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ዕቃ የሚያመላልስ ሐበሻ በየመንገዱ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየጋራዡ በር ላይ ኮፈን ከፍተው የሚከራከሩ ሰዎች ይታያሉ። የክርክሩ ርዕስ እንደ ድሮው ፖለቲካ ብቻ አይደለም። አሁን አሁን "ማኒፎልዱን ቀይረው፣ ጉልበት ታገኛለህ" የሚለው ምክር ፖለቲካውን ሊያሸንፈው ምንም አልቀረው።

እኔም ይህን ምክር ሰምቼ ተግባራዊ አደረግሁት። ዋጋውንም ከፈልኩ። ነገሩን የምጽፈው ሌላው ወገኔ ያንኑ ዋጋ ደግሞ እንዳይከፍል ነው።

በሽታው እንዴት ጀመረ?

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል ዶጅ ራም ናት። ሞተሯ 5.9 ሊትር የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር የከሚንስ ናፍታ ሞተር ነው። ይህ ሞተር በዶጅ ፒክአፖች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2007 የተገጠመ፣ በጽናቱ የተመሰገነ ነው። በእርሷ የቤት ዕቃና የግንባታ መሣሪያ ጭኜ ከካልጋሪ ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እመላለሳለሁ። መንገዱ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ ኪኪንግ ሆርስ በሚባለው ማለፊያ ላይ ይወጣል፤ ከፍታው 1,627 ሜትር ነው።

ባለፈው ዓመት መከር ላይ መኪናዬ ዳገቱን እምቢ አለች። ተሳቢ ስጎትት ከኋላዬ ጥቁር ጭስ እንደ መጋረጃ ይዘረጋል፤ ፍጥነቴ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ሁለት ጊዜ አርፍጄ ስደርስ ሥራ የሚሰጠኝ ሰው "ሦስተኛ ከደገምህ ሌላ ሾፌር አለኝ" አለኝ። የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ይህ አነጋገር እንዴት እንደሚሰማው ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም።

ጎረቤት አማከርሁ፤ ሁሉም መካኒክ ሆነ። "አየር አጥሯታል" አሉ። ይህስ ትክክል ነበር። ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ሄድኩና ወደ ማኒፎልዱ አየር የሚያስገባውን የአልሙኒየም ክርን አውጥተው በሰፊ ተኩልኝ። በክርኑና በማኒፎልዱ መካከል የሚቀመጠውን የአየር ማሞቂያም "መንገድ ይዘጋል" ብለው ነቀሉት። 1,400 ዶላር ቆጥሬ ወጣሁ። መኪናዋ ድምፅዋ አማረ። ጭሱ ግን እንደነበረ ነበር፤ ዳገቱም እንደነበረ ነበር።

ማኒፎልድ ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ጋሼ ታሪክ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ማኒፎልድ ማለት ከውጭ የገባውን አየር ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ቱቦ ነው። አንድ ዋና በር፣ ብዙ ክፍሎች ያሉት ቤት እንደማለት ነው። አየር በደብራተር ተጣርቶ ይገባል፤ ቱርቦ ካለ ቱርቦው ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ስለሚሞቅ በማቀዝቀዣ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ ማኒፎልዱ ተቀብሎ በቴስታታው ቀዳዳዎች በኩል ለሲሊንደሮቹ ያድላል።

የሞተር ጉልበት የሚመጣው ከሚቃጠለው ነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ደግሞ ያለ አየር አይቃጠልም። አንድ ሊትር ናፍታ በሚገባ እንዲቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አንባቢ ልብ ይበል፤ አየር በኪሎ ነው የሚቆጠረው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ 12 ኪሎ አየር ወደ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። 1,045 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ካልጋሪ አየሩ ስለሚሳሳ 11 ሜትር ኩብ ግድም ያስፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ 13 ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን የሚያጣው ለዚህ ነው። ሞተር አንድ ዓይነት ነው፤ ሳንባውም አንድ ዓይነት ነው፤ የሳሳው አየሩ ነው።

እንደኔ ያለው 5.9 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር፣ ቱርቦው ሳይቆጠር እንኳ፣ በደቂቃ ከ7,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል። ይህን ሁሉ አየር በጠባብ ክርን፣ በተጣመመ ቱቦ፣ አፉን በሸፈነ ጓርኒሲዮን በኩል ማሳለፍ ኪሳራ አለው። ማኒፎልድ ማሻሻል የሚባለው ሙያ የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ሙያው እውነተኛ ነው፤ ማንም አይክደውም። ችግሩ መድኃኒቱን ከበሽታው በፊት መግዛት ነው።

ጥር መጣ

በጥር ወር አንድ ማለዳ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ገባ። መኪናዋ ያደረችው ተሳቢዬን በማቆምበት የኪራይ ግቢ ሲሆን የሞተር ማሞቂያውን የምሰካበት ኤሌክትሪክ አልነበረም። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ዞረ፤ ዞረ፤ አልነሣም አለ። ነጭ ጭስ ብቻ።

ናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ከዜሮ በታች 30 የሆነ አየር ገብቶ ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ሲጨመቅ ሙቀቱ አይበቃም። ያ "መንገድ ይዘጋል" ተብሎ የተነቀለው ማሞቂያ የተሠራው ለዚህ ቀን ነበር። በሞቃት አገር የሚኖር ጎረምሳ ነቅሎ ቢጥለው አያምርበትም አይባል ይሆናል። ካልጋሪ ላይ ግን ካፖርት አውልቆ እንደመሮጥ ነው።

ግቢው ውስጥ ያገኘሁት ሰው የኤተር ቆርቆሮ አቀበለኝ፤ ማስነሻ ተብሎ የሚረጨውን ማለት ነው። ልረጭ ስል ስልኬ ጠራ፤ ጋሼ ናቸው።

"ምን ይዘሃል?" አሉኝ።

"ኤተር።"

"አስቀምጥ! እጅህን ሰብስብ አልኩህ! ፒስተን ልትሰብር ነው? ማሞቂያው ያለበት መኪና ቢሆን ደግሞ ፊትህን ነበር የሚያቃጥለው። ባለህበት ቁም፣ መጣሁ።"

ይህን ምክር አንባቢ ቆርጦ ያስቀምጠው። የአየር ማሞቂያ በተገጠመለት ናፍታ ሞተር ላይ ኤተር መርጨት በማኒፎልዱ ውስጥ ፍንዳታ ያስነሣል። ማሞቂያ በሌለውም ላይ ቢሆን ኤተር ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተንና ቀለበት ይሰብራል።

የዚያን ቀን ጭነት ሌላ ሾፌር ወሰደው።

ጋሼ ማን ናቸው?

ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው፤ ሬድስቶን ላይ ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው የፊያት 682 ኤን ትሬ ረዳት ነበሩ፤ ኋላም መርካቶ አካባቢ መካኒክ ሆኑ። ያኔ ከአሰብ ወደብ ጭኖ በሚሌ፣ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባው የከባድ መኪና ሰልፍ የአገሪቱ የደም ሥር ነበር። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ተዘጋ።

ይህ መንገድ ለሞተር ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ አስቡት። አሰብ ባሕር ዳር ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ማታ በወፍራም አየር የተነሣ መኪና በማግሥቱ ከባሕሩ አየር ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይዞ ዳገት ይወጣል። ኤን ትሬ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበራት፤ ቱርቦ ግን አልነበራትም። ሾፌሩ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ይከተላል።

"ያኔ" ይላሉ ጋሼ፣ "አንዳንዱ ሾፌር ጉልበት ላግኝ ብሎ ፖምፓው ላይ ናፍታ ያስጨምር ነበር። አየር ሳይኖር ናፍታ ምን ያደርጋል? ጭስ ነው የሚሆነው። ጭሱ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ በማርሚታ የሚወጣ ገንዘብ። እኛ ናፍታውን እንቀንስና ደብራተሩን እናጥባለን። ጣሊያኖቹ ኮሌቶሬ የሚሉትን ማኒፎልድ አውርደን ጥላሸቱን እንፍቃለን። ጓርኒሲዮኑ ቀዳዳውን ሸፍኖት ካገኘነው በምላጭ እንቆርጠዋለን። ሌላ ምን ነበረንና? ግን መኪናዋ ትወጣ ነበር።"

ጋሼ ካናዳ የገቡት በሱዳን በኩል ነው። እዚህ ሲመጡ የሃያ ዓመት ሙያቸው ወረቀት ስላልነበረው ወለል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ይህን ሲናገሩ አያማርሩም። እኔ ግን በእርሳቸው ፋንታ አማርራለሁ።

ምርመራው

ጋሼ መጥተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አንድም ቡሎን አለመፍታት ነበር። ሞተሩን በተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር አሙቀን አስነሣነውና ወደ ጋራዤ አስገባናት። ከዚያ ጠየቁኝ፤ "ጭሱ ከጀመረ ወዲህ የቱርቦውን ግፊት ለክተሃል?"

አልለካሁም።

"ደብራተሩን አይተሃል?"

አላየሁም።

"ታዲያ ማኒፎልዱን ለምን ቀየርክ? ሐኪም ሳያዳምጥ ይቀዳል እንዴ?"

መልስ አልነበረኝም። አንድ ሺህ ቃለ መጠይቅ ያደረገ ጋዜጠኛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀርቶ ነበር።

ጋሼ በተራ ሄዱ። በደብራተሩ ሣጥን ላይ ያለውን የመታፈን ምልክት አዩ፤ ማጣሪያው ጥቂት ቆሽሿል እንጂ አልታፈነም። ቀጥሎ የግፊት መለኪያ ገጠሙና ነዳን። ዳገት ላይ 20 ፒኤስአይ ግድም ማንበብ ሲገባው 11 ላይ ቆመ። ቱርቦው ወይ አይጨምቅም፣ ወይ የጨመቀው አየር የሆነ ቦታ ያመልጣል ማለት ነው።

ተመልሰን ሞተሩን አጠፋን። ጋሼ የቱርቦውን መግቢያ አፍ በቆብ ዘግተው ከኮምፕሬሰር ቀስ አድርገው አየር ሰደዱ፤ እኔ የሳሙና ውኃ በቱቦዎቹ ሁሉ ላይ ረጨሁ። ከማቀዝቀዣው በታች፣ ከላይ በማይታይበት በኩል፣ የጎማው ቱቦ እንደ ዳቦ ሊጥ አረፋ ደፈቀ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። የዚያ ቱቦ ዋጋ 60 ዶላር ነው።

በዚያ ብቻ አላበቃም። ጋራዡ የተከለውን ሰፊ ክርን ሲያወርዱ ጓርኒሲዮኑ ወደ አየሩ መንገድ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ ተገኘ። ማለት በሰፊ በር ላይ ጠባብ ጣውላ ተቸንክሮበታል። ሁለት ቡሎኖችም ላልተዋል። "ይህ ዳዶ ቢወድቅ ኖሮ የት ይገባ ነበር?" አሉኝ። ከማኒፎልድ በኋላ ማጣሪያ የለም። የወደቀ ነገር በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ስለ ማኒፎልድ መሆኑ ቀርቶ ስለ አዲስ ሞተር ይሆናል።

ሥራው በወጉ ሲሠራ

ቱቦውን ቀየርን፤ ግፊቱ 20 ገባ፤ ጭሱ ጠፋ። ማኒፎልዱን ጋሼ በዚያው አልተዉትም። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ያየሁትን በአጭሩ ልጻፍ፤

ከምንም በፊት ዙሪያውን ማጠብ፤ ክፍት የሆነውን ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ መድፈን፤ የደፈኑትንም ጨርቅ ቆጥሮ መጻፍ። ጋሼ ሦስት ጨርቅ ከገባ ሦስት ጨርቅ እስኪወጣ ሻይ አይጠጡም።

ቀጥሎ ጓርኒሲዮኑን በክርኑ አፍ ላይ አስቀምጦ ዳሩን በቀለም ምልክት ማድረግ፤ ከማኒፎልዱ አፍም ጋር እንዲሁ። የማይገጥመውን ዳር በሞረድ ማስተካከል። ክርኑ ለብቻው ወርዶ ይሞረዳል እንጂ ሞተሩ ላይ ተገጥሞ አይነካም፤ የብረት ብናኝ የሞተር መርዝ ነውና። አየር ሹል ጠርዝ ሲያገኝ ይሽከረከራል፤ ለስላሳ መታጠፊያ ሲያገኝ ይፈሳል። ግቡ አፍና አፍ እንዲገናኙ ነው። እንደ መስታወት ማሳመር ለአውደ ርእይ ካልሆነ ለጉልበት የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዚያ የአየር ማሞቂያውን ወደ ቦታው መመለስ። ጋሼ በዚህ ላይ ክርክር አይሰሙም። መጨረሻ ላይ ቡሎኖቹን ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ በደረጃ ማጥበቅ። ከሳምንት በኋላም ከፍቶ ማየት።

ቱርቦ ለሌለው የቤንዚን መኪና ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ለየሲሊንደሩ የሚሄደው ቱቦ ረጅም ሲሆን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጉልበት ይሰጣል፤ አጭር ሲሆን በፍጥነት ሲዞር ይሰጣል። ምክንያቱ ቫልቩ ሲዘጋ አየሩ እንደ ማዕበል ተመልሶ ስለሚመታ ነው፤ ማዕበሉ ቫልቩ ዳግም ሲከፈት ከደረሰ ተጨማሪ አየር ይገፋል። ስለዚህ ለእሽቅድምድም የተሠራ አጭር ማኒፎልድ ገዝቶ ተሳቢ በሚጎትት መኪና ላይ የሚገጥም ሰው ጉልበቱን ከሚፈልግበት ቦታ አንሥቶ ወደማይፈልግበት እያዛወረ ነው።

ውጤቱስ? እውነቱን ልናገር። ለውጡን ያመጣው የ60 ዶላሩ ቱቦ ነው። የማኒፎልዱ ሥራ የጨመረው ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ የጭሱ ሙቀት ሰላሳ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ወርዷል። ትንሽ ነው ብዬ ግን አልንቀውም። የጭሱ ሙቀት 700 ዲግሪን አልፎ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የአልሙኒየም ፒስተን አደጋ ላይ ይወድቃል።

ተራራ ላይ የተፈተነው ቱርቦ

ይህ የአየር እጥረት ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርቦን የፈለሰፈው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ ከ4,300 ሜትር በላይ፣ አወጣ። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እዚያ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ሞስ የለካውን ነገር የጣርማ በር ሾፌሮች ያለ መለኪያ በጆሯቸው ያውቁት ነበር።

የካልጋሪ ብርድም በጎ ጎን አለው። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው። ከዜሮ በታች 30 በሆነ ቀን የካልጋሪ አየር፣ ከፍታው እያለ፣ 15 ዲግሪ ሙቀት ካለው የባሕር ዳር አየር አይሳሳም። ሞተሩን ማስነሣት ከቻልክ ጥር ላይ ያለ ተጨማሪ ወጪ ጉልበት አለህ ማለት ነው። "ካናዳ የሰጠችኝ ብቸኛ ነፃ ነገር" ይሉታል ጋሼ።

አገር ቤትም ዘመን እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ጣርማ በር ላይም አሰብ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው "ረዳቱስ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

የቀረው ነገር

አንባቢ ሆይ፣ መኪና ለማሻሻል ስታስብ መጀመሪያ ለካ። ደብራተሩን እይ፤ ግፊቱን ለካ፤ የሚያፈስ ቱቦ ፈልግ። ማኒፎልድ የመጨረሻ ነው። ሞተርህን ስትለውጥ ለኢንሹራንስህ አስታውቅ፤ በክፉ ቀን ሰበብ እንዳያገኙብህ።

ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን 1,400 ዶላር የወሰደው ሰው ግድግዳው ላይ ፈቃድ የሰቀለ ነበር። በሳሙና ውኃ በሽታውን ያገኙት ሰው ደግሞ ዕድሜያቸውን ወለል ሲያጸዱ ነበር። አልበርታ ውስጥ ልምድ ያለው ባለሙያ የሥራ ዘመኑን በማስረጃ አቅርቦ ለሙያ ፈቃድ ፈተና የሚቀመጥበት መንገድ አለ። በመላው ካናዳ የሚታወቅ ሬድ ሲል የሚባል ማረጋገጫም አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዘመኑ አልፎባቸው ነበር። ከሶማሌ ተራና ከተክለ ሃይማኖት ጋራዦች ወጥተው ዛሬ እዚህ መጋዘን የሚያጸዱ ወጣቶች ግን ገና ጊዜ አላቸው። የምታውቁ ንገሯቸው፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ ቅጹን አብራችሁ ሙሉለት።

ያ "ሌላ ሾፌር አለኝ" ያለኝ ሰው በመጋቢት መልሶ ጠራኝ። ኪኪንግ ሆርስን ተሳቢ ሙሉ ጭኜ ስወጣ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። መንገዱ ይታያል፤ ጭስ የለም። ወዲያው ለጋሼ ደወልኩ፤ ሲያነሡ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ግፊቱ ስንት ነው?"

"ሃያ።"

"በል ስልኩን ዝጋና መንገድህን እይ" አሉኝ።

ቸር ይግጠመን።